ለመስክ ጉዞ ሻንጣ ስለ ማዘጋጀት

(በጤና ባለሙያዎች ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



በጤና ሙያ ለተሰማራ ሰው ጉዞ ከሥራው የማይለይ ዕጣ ነው። ዛሬ በወረዳ ከተማ ያደረ ነገ በቆላ ቀበሌ ይውላል፤ ከነገ ወዲያ ደግሞ ለስብሰባ ወይም ለሥልጠና ወደ ሌላ ክልል፣ አንዳንዴም ወደ ውጭ አገር ይጠራል። ይህን ያህል የሚጓዝ ሰው ስለ ሙያው ብዙ ዓመት ሲማር ስለ ሻንጣው ግን አንድ ሰዓት እንኳ አይማርም። ሻንጣ ማዘጋጀት ከጉዞው በፊት ባለችው ሌሊት፣ በድካምና በጥድፊያ መካከል የሚፈጸም ጥቃቅን ጉዳይ ተደርጎ ይታያል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለው ተረት ለመንገደኛ የተነገረ ይመስላል። ሆኖም አንድ ልዩነት አለ፤ አፍሳ የለቀመችው ያፈሰሰችውን በፊቷ ታየዋለች፤ መንገደኛ የረሳው ነገር ግን ከኋላው፣ ከብዙ ሰዓት መንገድ ማዶ ቀርቷል።

ለምሳሌ ያህል አንድ የክትባት ቡድን ይታሰብ። ሁለት ባለሙያዎች ገና ሳይነጋ ተነሥተው ከጤና ጣቢያው የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ወደሚርቅ አንድ የቆላ ቀበሌ ይወርዳሉ። የቀበሌው እናቶች ቀኑ አስቀድሞ ተነግሯቸው ስለ ነበር ሕፃናታቸውን አዝለው ከየጎጡ መጥተው በዋርካ ጥላ ሥር ይጠብቃሉ። ቡድኑ ደርሶ፣ ሰላምታ ተለዋውጦ፣ ጠረጴዛ ዘርግቶ ሣጥኑን ሲከፍት የኩፍኙ ክትባት አለ፤ መርፌው አለ፤ መዝገቡ አለ፤ መበጥበጫው ግን የለም። የኩፍኝ ክትባት በቅዝቃዜ የደረቀ ስለ ሆነ፣ ባለሙያዎች ዳይሉዌንት በሚሉት በራሱ መበጥበጫ ካልተሟሟ ለሕፃን አይሰጥም፤ በሌላ ውሃ መተካትም ፈጽሞ የተከለከለ ነው። መበጥበጫው የተረሳበት ምክንያት እጅግ ቀላል ነው። ቅዝቃዜው ከክትባቱ ጋር እንዲተካከል ከዋዜማው ጀምሮ በማቀዝቀዣ ውስጥ ተቀምጦ ነበር፤ ማለዳ በጥድፊያ ክትባቱ ሲወጣ እርሱ በዚያው ቀረ። ከአውራ ጣት ብዙም የማይበልጥ ብልቃጥ ነው። በዚያው ቡድን የግል ሻንጣ ውስጥ ግን ሁለት ሹራብ፣ ሦስት ሱሪ፣ ትርፍ ጫማና ሳይገለጥ የሚመለስ መጽሐፍ ሞልቷል።

እናቶቹ ወደየቤታቸው ይመለሳሉ። በሚቀጥለው ቀጠሮ የምትመጣም፣ የማትመጣም ትኖራለች፤ ኩፍኝ ግን ቀጠሮ አይጠብቅም። ስለዚህ የሻንጣ ጉዳይ ከሙያ ኃላፊነት ተለይቶ ሊታይ አይገባውም። ሻንጣ የሚያዘጋጅ ባለሙያም ቁም ሣጥኑን ከመክፈቱ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን ለራሱ ቢመልስ ይጠቀማል። ጉዞው ለምን ሥራ ነው? የሚኬድበት አገር ምን ዓይነት ነው? ዕቃውን የሚሸከመው ማን ነው? ከዚህ በታች የሚነገረው ሁሉ ለእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች መልስ ለመስጠት የታሰበ ነው።

ቀዳሚው ዕቃ

ብዙ ሰው ሻንጣውን በልብስ ይጀምራል። ልብስ ሰፊ ቦታ ስለሚይዝና በቅርብ ስለሚገኝ ሻንጣው ቶሎ ይሞላል፤ የሥራው መሣሪያም በቀረው ጥግ እየተጠቀጠቀ ይገባል፤ ወይም «ቆይ፣ በእጅ እይዘዋለሁ» ተብሎ በጠረጴዛ ላይ ይቀመጥና እዚያው ይቀራል። ትክክለኛው ቅደም ተከተል የዚህ ተቃራኒ ነው። ዕቃው ሁሉ በቅድሚያ በአልጋ ወይም በምንጣፍ ላይ በሦስት ረድፍ ይዘርጋ። በመጀመሪያው ረድፍ ሥራው ያለ እርሱ የማይሠራበት ዕቃ ይቀመጥ፤ በሁለተኛው ረድፍ ተጓዡ ያለ እርሱ ጤናውን የማይጠብቅበት፣ ይኸውም የዘወትር መድኃኒቱ፣ መነጽሩ፣ ውሃውና የመኝታው መሸፈኛ፤ በሦስተኛው ረድፍ ደግሞ ለምቾት ብቻ የሚፈለገው። የመጀመሪያው ረድፍ ሳያልቅ ከሦስተኛው አንድም ነገር ወደ ሻንጣ አይግባ።

የመጀመሪያው ረድፍ ሙሉ መሆኑን ለማረጋገጥ የሚረዳ አንድ ቀላል ዘዴ አለ። ሥራውን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው በሐሳብ መሄድ ነው። ሕፃኑ ተከትቦ ወደ ቤቱ ሲመለስ እናቱ በእጇ የምትይዘው ምንድን ነው? ካርድ ነው። ካርዱ በምን ተጻፈ? በእስክሪብቶ። ከመጻፉ በፊት ያገለገለው መርፌ የት ተጣለ? በደኅንነት ሣጥን። መርፌው ምን ቀዳ? የተበጠበጠ ክትባት። ክትባቱ በምን ተበጠበጠ? እዚህ ላይ የተረሳው ብልቃጥ ስሙ ይጠራል። ከመጀመሪያ ወደ መጨረሻ የሚያስብ ሰው በልማድ እየተገፋ አንዱን እርምጃ ሊዘለው ይችላል፤ ወደ ኋላ የሚሄድ ግን በእያንዳንዱ እርምጃ ላይ ቆም ለማለት ይገደዳል።

ዕቃው ተሟልቶ መገኘቱ ብቻም አይበቃም፤ ከምን ጋር እንደ ተቀመጠ መታየት አለበት። በመስከረም ወር 2007 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2014) በሶርያ በኢድሊብ አውራጃ በኩፍኝ ክትባት ዘመቻ ላይ 15 ሕፃናት ሞተዋል። ምክንያቱ ሲመረመር፣ በቀዶ ሕክምና ጊዜ ጡንቻን ለማዝለል የሚሰጠው አትራኩሪየም የተባለው መድኃኒት በመበጥበጫው ፈንታ ገብቶ መገኘቱ ታወቀ። መልኩ የሚመሳሰል ብልቃጥ በአንድ ስፍራ አብሮ ሲቀመጥ የሚያስከትለው ጥፋት እስከዚህ ድረስ ነው። ስለዚህ ክትባትና መበጥበጫው ብቻቸውን ይቀመጡ፤ ሌላ ማናቸውም መድኃኒት፣ የተጓዡ የግል መድኃኒት እንኳ ቢሆን፣ ከእነርሱ ጋር በአንድ ከረጢት አይግባ።

የቅዝቃዜው አያያዝም እንደዚሁ የዕቃ አደራደር ጥበብ ነው። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ይጠበቃል። አዲስ ሠራተኛ ብዙ ጊዜ የሚፈራው ሙቀትን ብቻ ስለ ሆነ ከማቀዝቀዣ የወጣውን ድንጋይ የሆነ አይስ ፓክ በቀጥታ ከክትባቱ ጎን ይደረድራል። ሆኖም እንደ ፔንታቫለንትና እንደ መንጋጋ ቆልፍ ያሉት ክትባቶች በረዶ ከመቷቸው ኃይላቸውን ያጣሉ። አይስ ፓኩ ከማቀዝቀዣ ወጥቶ ጥቂት ይቆይ፤ ሲነቀነቅ በውስጡ ውሃ መንቀሳቀሱ ከተሰማ ያን ጊዜ ለመታሸግ ደርሷል ማለት ነው። ይህን ለመጠበቅ ጊዜ ያስፈልጋል፤ ጊዜ የሚገኘው ደግሞ ሻንጣው ማታውን ካለቀ ነው።

ከቀደምት መንገደኞች የተወረሰ ብልኀት

ይህ ጥበብ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። መኪና ከመምጣቱ በፊት አገሩን ሁሉ ያገናኝ የነበረው የነጋዴ ቅፍለት ስለ ጭነት የሚያውቀው ብዙ ነበር። ከአፋር ዝቅተኛ ምድር አሞሌ ጨው ተሸክመው ወደ ደጋው የሚወጡት ግመሎችና አህዮች ጭነታቸው በግራና በቀኝ የተመዛዘነ ነው። ሚዛኑን የሳተ ጭነት ጉዞውን ያዘገያል፤ የከብቱንም ጀርባ ያቆስላል። ገጣባ የወጣበት ከብት ደግሞ ለብዙ ቀን አይጫንም። ስለዚህ ጫኙ ለመንገዱ ከማሰቡ በፊት ለተሸካሚው ጀርባ ያስባል። ማታ በሰፈር የሚፈለገው ዕቃም በላይ ይታሰራል፤ ምሽት ላይ አንዲት ድስት ለማውጣት ጭነቱን ሁሉ የሚያፈርስ ነጋዴ በማግስቱ አርፍዶ ይነሣል።

ከጭነቱም ይልቅ የስንቁ ብልኀት ይበልጣል። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቋንጣ፣ ድርቆሽ፣ እነዚህ ሁሉ በአንድ ሐሳብ የተሠሩ ናቸው፤ ውሃው ከቤት እንዲቀር ተደርጓል። ገብሱ ተቆልቶ ይፈጫል፤ ሥጋው ተዘልዝሎ በጥላ ይደርቃል፤ እንጀራው ተቆራርሶ በፀሐይ ይሰጣል። ክብደቱም ይቀንሳል፣ ብልሽቱም ይዘገያል፤ ውሃው ከመንገዱ ምንጭ ሲገኝ በሶው በቅል ውስጥ ይበጠበጣል። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናል። የዛሬ ተጓዥ ሻንጣውን ከፍቶ ቢመረምር የፀጉር መታጠቢያ፣ ፈሳሽ ሳሙናና ቅባት በማለት የሚሸከመው አብዛኛው ውሃ ሆኖ ያገኘዋል። አንድ ቁራጭ ደረቅ ሳሙና የእነዚህን የብዙዎቹን ሥራ ይሠራል፤ አይፈስስም፣ ልብስም አያበላሽም።

እርግጥ ነው፣ የሚጠጣ ውሃ ከዚህ ደንብ ውጪ ነው። ወደ ቆላ የሚወርድ ሰው ሹራቡን ቢቀንስ እንጂ የውሃ ኮዳውን አይቀንስም፤ በመንገድ የሚገኘውን ውሃ ለማከምም የውሃ ማከሚያ እንክብል ይያዝ። እንክብሉ ከእፍኝ ያነሰ ቦታ ይይዛል።

ፈንጣጣን ያሸነፈው ትንሽ ከረጢት

ዕቃን በሚገባ መርጦ መያዝ ለሰው ሕይወት ምን ያህል እንደሚጠቅም የኢትዮጵያ የሕክምና ታሪክ አንድ ትልቅ ምስክር አለው። የፈንጣጣ ማጥፊያ ዘመቻ በኢትዮጵያ በ1963 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1971) ሲጀመር በዚያው በመጀመሪያው የፈረንጅ ዓመት ብቻ ከ26,000 በላይ ሕሙማን ተመዝግበዋል። አብዛኛው ሕዝብ ከመኪና መንገድ ርቆ ይኖር ስለ ነበር ሠራተኞቹ በእግርና በበቅሎ ገደል ለገደል መጓዝ ነበረባቸው። ማቀዝቀዣ ተሸክሞ ወደ እነዚያ መንደሮች መድረስ የማይታሰብ ነገር ነበር።

ይህን ችግር የፈቱት ከኪስ ከረጢት የማይበልጥ ስፍራ የሚይዙ ሦስት ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው በቅዝቃዜ የደረቀው ክትባት ነው። በ37 ዲግሪ ሙቀት ለአንድ ወር ያህል ኃይሉን ይዞ እንዲቆይ ተደርጎ ስለሚሠራ በበረዶ ፈንታ በከረጢት ሊጓዝ ቻለ። በሶውን ያደረቀው የባላገር ብልኀትና ይህን ክትባት ያደረቀው የሳይንስ ብልኀት በዚህ ይገናኛሉ። ሁለተኛው ጫፉ እንደ ሹካ ለሁለት የተከፈለው መርፌ ነው። በሁለቱ ጥርሶች መካከል አንዲት ጠብታ ይዞ፣ ቆዳን 15 ጊዜ ያህል ቶሎ ቶሎ በመንካት ይከትባል። ከቀድሞው ዘዴ ጋር ሲነጻጸር ከአንድ ብልቃጥ አራት እጥፍ ያህል ሰው ለመከተብ አስችሏል፤ ተቀቅሎም እንደገና ያገለግል ነበር። አጠቃቀሙን ለማስተማርም ረጅም ጊዜ አይጠይቅም። ሦስተኛው ፈንጣጣ የያዘው ሕፃን ፎቶግራፍ ያለበት ካርድ ነው። ሠራተኛው ገበያ መካከል ቆሞ ወይም ትምህርት ቤት ገብቶ ካርዱን እያሳየ «እንዲህ ያለ በሽተኛ አይታችኋል?» ብሎ ይጠይቃል። የቋንቋው ልዩነት ብዙ በሆነበት አገር አንዲት ካርድ የብዙ አስተርጓሚ ሥራ ሠርታለች።

በኢትዮጵያ የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ የተገኘው በነሐሴ 1968 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1976) ነው። በዓለም ላይ በተፈጥሮ መንገድ በበሽታው የተያዘው የመጨረሻ ሰው ደግሞ በሶማሊያ በጥቅምት 1970 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1977) ተገኘ። በሽታው ከምድር መጥፋቱም በ1972 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1980) በዓለም የጤና ጉባኤ ታወጀ። ድሉ የብዙ ሺህ ሠራተኞች ድካም ውጤት መሆኑ አይካድም። ይሁን እንጂ ከክትባቱ ጋር ማቀዝቀዣና ኤሌክትሪክ መከተል ግድ ቢሆን ኖሮ፣ ያ ሁሉ ድካም ከመንገዱ ዳር ባልራቀ ነበር።

ደጋና ቆላ በአንድ ሻንጣ

ሁለተኛው ጥያቄ የሚኬድበት አገር ምን ዓይነት ነው የሚል ነበር። በኢትዮጵያ የአየሩን ጠባይ የሚወስነው በአብዛኛው ከፍታ ነው። ከራስ ዳሽን ራስ እስከ ዳሎል ያለው ልዩነት ከ4,500 ሜትር ይበልጣል። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በአማካይ በ6.5 ዲግሪ ያህል ስለሚለዋወጥ፣ አንድ መንገደኛ በግማሽ ቀን ውስጥ ከክረምት ወደ በጋ የተሻገረ ይመስለዋል። ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ጣርማ በርን አልፎ ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ ሰው ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው ብርድ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ወዳለው ሙቀት ይገባል፤ ይህም የ11 ዲግሪ ያህል ለውጥ ነው።

ለዚህ ለውጥ አንድ የብርድ ሻንጣና አንድ የሙቀት ሻንጣ ማዘጋጀት አያስፈልግም። አንድ ወፍራም ካፖርት ከመያዝ ይልቅ ተደራርበው የሚለበሱ ሦስት ቀላል ልብሶች ይያዙ፤ ይኸውም የውስጥ ካናቴራ፣ ባለ ረጅም እጅጌ ሸሚዝና ሹራብ። በልብሶቹ መካከል የሚቀረው አየር ሙቀት ይይዛል፤ ሲሞቅም አንድ በአንድ ይወልቃሉ። ባለ ረጅም እጅጌው ሸሚዝ በቀን ከፀሐይ፣ በምሽት ከወባ ትንኝ ይጠብቃል። ጋቢ ደግሞ ብቻውን የብዙ ዕቃ ሥራ ይሠራል፤ ሌሊት ብርድ ልብስ፣ ማለዳ ካፖርት፣ በመኪና ውስጥ ትራስ፣ ለቅሶ ቤት ለመድረስ ቢያጋጥም የክብር ልብስ ይሆናል። ልብሶቹ እርስ በርሳቸው በሚስማማ ቀለም ቢመረጡ ሁለት ሱሪና ሦስት ሸሚዝ ስድስት ዓይነት አለባበስ ይሰጣሉ። ለአምስት ቀን ጉዞ ይህ ይበቃል፤ የጎደለውን ማታ ማታ የሚታጠብ አንድ ሸሚዝ ይሞላዋል።

ከ2,000 ሜትር በታች ያለው አገር በአብዛኛው የወባ ሥጋት ስላለበት አጎበር በሁለተኛው ረድፍ፣ ማለትም ከጤና መጠበቂያዎቹ ጋር ይመደባል። ለሕዝብ አጎበር ሲያድል ውሎ ራሱ ያለ አጎበር የሚተኛ ባለሙያ ትምህርቱን በራሱ እጅ ያፈርሳል።

አደራደሩ

ዕቃው ከተመረጠ በኋላ አደራደሩ ቀላል ነው። ጎማ ባለው ሻንጣ ከባዱ ዕቃ ወደ ጎማው በኩል ይቀመጣል፤ ሻንጣው ሲቆም እንዳይወድቅ፣ ከላይ ያለውንም እንዳይጨፈልቅ ያደርጋል። በጀርባ በሚታዘል ቦርሳ ግን ከባዱ ከጀርባ ተጠግቶ መካከል ላይ ይሁን፤ ከጀርባ ከራቀ ተሸካሚውን ወደ ኋላ ይጎትታል። ለስላሳ ልብስ እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ጎን ለጎን ቢደረደር ቦታ ይቆጥባል፤ የሚጨማደደው ኮትና ሸሚዝ ግን ተዘርግቶ ከላይ ይታጠፍ። የጫማው ውስጥ ባዶ አይቅር፤ ካልሲና ትናንሽ ዕቃ ይያዝበት። ጫማ ከሁሉም ይልቅ ቦታ የሚያባክን ስለ ሆነ ከባዱ በእግር ተደርጎ ቀላሉ በሻንጣ ይግባ። ሊፈስ የሚችል ነገር ሁሉ በላስቲክ ይታሰር።

መታወቂያና ፓስፖርት፣ ገንዘብ፣ የዘወትር መድኃኒት፣ መነጽር፣ ስልክና የሥራው ዋና መሣሪያ ከሰውነት በማይለይ ትንሽ ቦርሳ ይያዙ። መመዘኛው ግልጽ ነው፤ ትልቁ ሻንጣ ለአንድ ቀን ቢጠፋ ሥራው ይቀጥላል ወይስ ይቆማል? የሚቆም ከሆነ አንድ ነገር በተሳሳተ ቦርሳ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው።

በቡድን ሲኬድ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ» የሚለው ምሳሌ ሥራ ላይ ይዋል። አራት ሰዎች አራት የጥርስ ሳሙና፣ አራት የእጅ ባትሪ መሙያ፣ አራት መቀስ መያዛቸው ትርፍ ነው። በአንጻሩ ግን ሥራው የቆመበት ዕቃ በአንድ ሻንጣ ብቻ አይታጨቅ፤ ለሁለት ተከፍሎ በሁለት ሰው ይያዝ። አንዱ ሻንጣ ወንዝ ውስጥ ቢወድቅ ግማሹ ሥራ ይድናል።

ሦስተኛው ጥያቄ፣ ይኸውም ዕቃውን የሚሸከመው ማን ነው የሚለው፣ እዚህ ላይ ይመጣል። ጎማ ያለው ሻንጣ በአሜሪካ የባለቤትነት መብት የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው፤ ዛሬ በየአየር ጣቢያው የሚታየውን በረጅም እጀታ እየተጎተተ ቆሞ የሚሄደውን ሻንጣ ደግሞ ሮበርት ፕላት የተባለ የአውሮፕላን አብራሪ እ.ኤ.አ. በ1987 ፈጠረው። ጎማ በለሰለሰ ወለል ላይ ክብደትን ያስረሳል። መኪናው ቆሞ ኮረኮንቹ ሲጀምር ግን የተረሳው ክብደት ይመለሳል፤ ብዙ ጊዜም የሚመለሰው በባለቤቱ ትከሻ ላይ ሳይሆን በቀበሌው ወጣት፣ በሾፌሩ ወይም በታናሹ የሥራ ባልደረባ ላይ ነው። ሰዎቹ እንግዳ አክባሪ ስለ ሆኑ ዝም ብለው ይሸከማሉ። ሻንጣውን የሚያዘጋጅ ሰው ከመውጣቱ በፊት ራሱ አንሥቶ በደረጃ ወይም በግቢው ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ቢዞርበት፣ ከውስጡ ምን መውጣት እንዳለበት ትከሻው ይነግረዋል።

የአውሮፕላን መንገድና የሰው አደራ

ወደ ውጭ አገር ለሥልጠና የሚሄድ ባለሙያ ሌሎች ደንቦችን ማወቅ ይኖርበታል። ብዙዎቹ አየር መንገዶች በዝቅተኛው ማዕረግ ለአንድ ሻንጣ የሚፈቅዱት 23 ኪሎ ነው፤ ርዝመቱ፣ ስፋቱና ከፍታው ተደምሮም ከ158 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ይፈለጋል። የመንገደኛ ሻንጣ በአጠቃላይ ከ32 ኪሎ እንዳያልፍ የሚከለከለው ሻንጣ የሚያነሡት ሠራተኞች ወገባቸው እንዳይጎዳ ነው። ቤት ውስጥ ሚዛን ካለ፣ ሰውየው መጀመሪያ ብቻውን፣ ቀጥሎ ሻንጣውን ይዞ ቢመዘን ልዩነቱ የሻንጣው ክብደት ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በለንደን አውሮፕላኖችን በፈሳሽ ፈንጂ ለማጥፋት የታቀደ ሤራ ከተደረሰበት ወዲህ፣ በእጅ ቦርሳ የሚያዝ ፈሳሽ በየዕቃው ከ100 ሚሊ ሊትር እንዳይበልጥ ተወስኗል፤ አዲስ መመርመሪያ ባላቸው አንዳንድ አየር ጣቢያዎች ላላ ቢልም፣ በመልስ ጉዞ የሚጠብቀው የቀድሞው ደንብ ሊሆን ስለሚችል መጠንቀቁ ይበጃል። የስልክ መሙያ ባትሪ ሊቀጣጠል ስለሚችል በእጅ ቦርሳ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አይገባም፤ ያለ ልዩ ፈቃድ የሚያልፈውም እስከ 100 ዋት-ሰዓት ያለው ነው። በብዛት የሚታየው የ20,000 ሚሊ አምፒር-ሰዓት ባትሪ በ3.7 ቮልት ሲሰላ 74 ዋት-ሰዓት ስለሚሆን ያልፋል።

ከእነዚህ ደንቦች ሁሉ ይልቅ የኢትዮጵያዊን መንገደኛ ሻንጣ የሚያከብደው ግን አደራ ነው። ወሬው እንደ ተሰማ ዘመድ ሁሉ በርበሬና ሽሮ፣ በሶና ድርቆሽ፣ ቋንጣና ቅቤ ቋጥሮ ይመጣል። በዋሽንግተን ወይም በሮም ያለች እህት የእናቷን በርበሬ ስትቀበል የሚሰማት ደስታ በኪሎ የሚመዘን አይደለም። አደራ የማይቀበል ሰውም በዘመድ ዓይን ከሰው አይቆጠርም። ሆኖም መንገደኛው ሦስት ነገሮችን ሳያፍር ሊናገር ይገባል። አንደኛ፣ ለአደራ የሚሆነውን ኪሎ አስቀድሞ ይወስንና ለዘመድ ይንገር። ሁለተኛ፣ የሚከለከለውን ይወቅ፤ ቋንጣና ቅቤ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች በመንገደኛ ሻንጣ ማስገባት የተከለከለ ነው፤ አሜሪካም ቋንጣን አታሳልፍም፤ በጉምሩክ ፊት ተወስዶ ከሚጣል በአገር ቤት ቢበላ ይሻላል። ሦስተኛውና ዋነኛው፣ ተሰፍቶ ወይም ታሽጎ የመጣ ጥቅል ሳይከፈት አይያዝ። በአየር ጣቢያ «ሻንጣውን ያዘጋጀኸው ራስህ ነህ?» ተብሎ ሲጠየቅ በሙሉ ልብ «አዎን» ማለት የሚችለው በውስጡ ያለውን ሁሉ በዓይኑ ያየ ብቻ ነው። በጥቅል ውስጥ አደገኛ ዕፅ ቢገኝ ሕግ የሚይዘው ተሸካሚውን ነው፤ «የሰው አደራ ነው» የሚለውም መልስ ከእስር አያድንም። ጥቅሉ በፊቱ እንዲከፈት መጠየቅ ንቀት አይደለም፤ እውነተኛ ዘመድም በዚህ አይቀየምም።

የማኅበሩ ድርሻ

ክቡራንና ክቡራት፤

ከዚህ ሁሉ በኋላ ማኅበሩ በአነስተኛ ድካም ሊሠራው የሚችል አንድ ነገር አለ። ለክትባት፣ ለወረርሽኝ ቅኝት፣ ለእናቶች ክትትል፣ ለቁጥጥር ጉብኝት፣ ለእያንዳንዱ የጉዞ ዓይነት ከአንድ ገጽ የማይበልጥ የዕቃ ዝርዝር ሊዘጋጅ ይችላል። ዝርዝሩን የሚጽፈው በቢሮ ያለ ሰው ባይሆን ይመረጣል፤ ከመስክ የሚመለሱት ባለሙያዎች ይጻፉት። እያንዳንዱ ተመላሽ ሻንጣውን በሚፈታበት ማታ ሦስት ነገር ይመዝግብ፤ ያገለገለውን፣ ሳይነካ የተመለሰውንና ጎድሎ የተገኘውን። ሁለት ጊዜ ሳይነካ የተመለሰ ነገር በሦስተኛው ጉዞ ቤት ይቅር፤ ከዚህ ደንብ ነጻ የሚሆኑት ለአደጋ ጊዜ የሚያዙት፣ እንደ ቁስል መጠቅለያና እንደ እጅ ባትሪ ያሉት ብቻ ናቸው። ጎድሎ የተገኘው ደግሞ በዝርዝሩ ራስ ላይ በቀይ ይጻፍ። በዚህ ዓይነት የአንዱ ባለሙያ ስሕተት ለሌላው ትምህርት ይሆናል፤ ወጣቱ ሠራተኛም በመጀመሪያ ጉዞው የነባሮቹን የዓመታት ልምድ በአንድ ወረቀት ይዞ ይወጣል።

ወረቀቱ በጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ፣ ከማቀዝቀዣው በር አጠገብ ቢለጠፍ ይበልጥ ይጠቅማል። ማለዳ በጨለማ ለመውጣት የሚቸኩል ሠራተኛ ክትባቱን አውጥቶ በሩን ሲዘጋ ዓይኑ በቀይ በተጻፈው መስመር ላይ ያርፋል፤ በሩን እንደገና ይከፍትና ያችን ብልቃጥ ያነሣል። ያን ቀን በዋርካው ሥር የተቀመጡት እናቶች በዚያች ቅጽበት ስለ ሆነው ነገር ምንም አያውቁም። ልጆቻቸውን አስከትበው፣ ካርዳቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ።